«ምንድን ነው የሚለው?»

መርካቶ ውስጥ ሰው የሚታወቀው አፉን ሲከፍት ነበር። ልብስ ያታልላል፤ ባለጸጋው ነጋዴ አቧራ የጠገበ ካፖርት ደርቦ ጆንያ ላይ ይቀመጣል፣ ኪሱ ባዶ የሆነው ደላላ ደግሞ ከረባት አስሮ ይንጎራደዳል። አነጋገር ግን አይደበቅም። «ተዚህ ወዲያ» ያለው ወሎዬ መሆኑ፣ «ሠርቸ፣ መጥቸ» የሚለው ከጎጃም ወይም ከጎንደር መምጣቱ ገና ዋጋ ሳይጠራ ይታወቃል። ከማወቁ ጋር ፍርዱም አብሮ ይመጣል፤ ለማን ወንበር እንደሚሳብ፣ ማን ቆሞ እንደሚጠብቅ፣ ማን እንደሚፈራ፣ በማን እንደሚሳቅ። እኔ ያደግሁት በ1960ዎቹ በዚህ ገበያ መካከል ነው። አንዋር መስጊድና ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን ከሚታዩበት ሰፈር ጥቂት ወረድ ብሎ አባቴ የቤት ዕቃ መሸጫ ሱቅ ነበረው፤ ብረት ድስት፣ ሳፋ፣ ጀበና፣ ማንቆርቆሪያ፣ የቆርቆሮ ጣሳ።

አባባ የቸሃ ጉራጌ ነው። አዲስ አበባ የገባው ልጅ ሆኖ፣ የአገሩ ሰዎች በ1950ዎቹ ገንዘብ አዋጥተው የጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅትን ከማቋቋማቸው በፊት፣ በእግሩ ነው። መጀመሪያ ሊስትሮ ሆነ፣ ቀጥሎ ሱቅ በደረቴ፣ ከዚያ የሰው ሱቅ ጠባቂ፣ በመጨረሻ የራሱን በር ከፈተ። ይህ የብዙ ጉራጌ ታሪክ ስለሆነ አላረዝመውም። ላረዝም የምፈልገው ስለ አነጋገሩ ነው።

አባባ ሁለት ድምፅ ነበረው። አንደኛው ለአማርኛ የሚሆን አጭር ድምፅ ነው። «ስንት ነው?» ሲሉት ቁጥር ብቻ ይመልሳል። «ይቀንሳል?» ሲሉት ራሱን ይነቀንቃል። ደንበኞቹ ዝምተኛ ነው ይሉታል፤ አንዳንዱ ኩሩ፣ አንዳንዱ ደግሞ ንፉግ ይለዋል፣ ቃሉን እንኳ ቆጥቦ የሚሰጥ። እኔ ግን ባንኮኒው ሥር ተቀምጬ የቤት ሥራዬን ስሠራ ሌላ ነገር እሰማ ነበር። አባባ የሚያስቸግሩትን ቃላት እየዘለለ፣ አንደበቱ የሚታዘዝለትን ብቻ እየመረጠ ነበር የሚናገረው። ሊል የፈለገው አንድ ነገር፣ የሚለው ሌላ ነገር፣ በመካከሉ ደግሞ ጥቂት ዝምታ። ከወንድሞቹ ጋር ማታ ሲገናኝ ግን ሁለተኛው ድምፁ ይወጣል፤ ረጅም፣ ፈጣን፣ ሳቅ የሚበዛበት፣ እጁ ከቃሉ ጋር አብሮ የሚዘምትበት። ሁለቱን ድምፆች የሰማ ሰው የአንድ ሰው ናቸው ብሎ ለማመን ይቸገራል።

የአማርኛው ችግር ከስንፍና የመጣ አልነበረም። ቸሃ የራሱ የድምፅ ሥርዓት ያለው ቋንቋ ነው። ል፣ ር እና ን እንደየቦታቸው የሚወራረሱበት ሕግ አለው፤ ከእነዚህ ውስጥ ል በጣም ጥቂት ቦታ ነው የተሰጠው። ክ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ላልቶ ኸ ሆኖ ይወጣል። በዚህ ሕግ አፉን የፈታ ሰው አማርኛን ሲናገር ሕጉን ይዞት ይሻገራል። የሚሳሳት ሰው ሕግ የለሽ ነው፤ አባባ ግን ሕግ አክባሪ ነበር፣ የሌላ አገር ሕግ። ይህን ያወቅሁት አድጌ፣ የቋንቋ ሰዎች የጻፉትን ካነበብሁ በኋላ ነው። በልጅነቴ የማውቀው ነገር ቢኖር አባባ አንዲት ቃል ሲጠራ ገዢው ከንፈሩን ገጥሞ ሳቁን እንደሚውጥ ብቻ ነው።

ጎረቤታችን አንድ የመንዝ ሰው ነበሩ፤ ባላምባራስ። በጣሊያን ጊዜ ዱር የገቡ፣ እግራቸው ላይ የጥይት ጠባሳ ያለባቸው፣ ከሱቃችን ደጃፍ ላይ ፀሐይ መሞቅ የሚወዱ። ባላምባራስ «ከቤት» አይሉም፣ «ኸቤት» ነው የሚሉት፤ «ከዚህ» አይሉም፣ «ኸዚህ» ነው። ያ ድምፅ የድሮ ሸዋ አማርኛ ድምፅ ነው፤ ፊደሉን ብታዩት ከ ላይ ጭረት ተጨምሮበት የተቀረጸው ለዚያ ድምፅ ሲባል ነው። ባላምባራስ «ኸ» ሲሉ ሰዉ ጆሮውን ያቆማል። የጨዋ አነጋገር፣ የአባቶች ቋንቋ፣ የጥንቱ ለዛ ይባላል። ከእሳቸው ሁለት ክንድ ርቆ የተቀመጠው አባባ ያንኑ «ኸ» ሲል ደግሞ ሰዉ ይስቃል። ድምፁ አንድ ነው። ከአንድ ጉሮሮ የወጣው የክብር ምልክት ሆነ፣ ከሌላው የወጣው የፌዝ ምክንያት። ይህን ነገር ካስተዋልሁበት ጊዜ ጀምሮ «ጥሩ አነጋገር» እና «መጥፎ አነጋገር» የሚባለውን ክፍፍል አላምንበትም። የሚከበረውም የሚናቀውም ድምፁ አይደለም፤ ሰውየው ነው፣ ቀድሞ በተሰጠው ቦታ።

ባላምባራስ ራሳቸው ይህን የተረዱት ይመስለኛል። አንድ ቀን አንድ ጎረምሳ ገዢ አባባን እያስመሰለ ለጓደኛው ሲናገር ሰሙት። ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱና «ና እስቲ፣ አንተ!» አሉት። «ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስን ታውቃለህ?» ልጁ ዝም አለ። «አባ መላ ኸጨቦ ተማርከው ነው በልጅነታቸው የመጡ። ያፋቸው መፍቻ አማርኛ አልነበረም። የምኒልክ የጦር ሚኒስትር ሆነው ሲፈርዱ ግን መኳንንቱ ሁሉ ቆሞ ይሰማ ነበር። አንተ የማንን አፍ ነው የምታስመስል?» ጎረምሳው ዕቃውን ሳይገዛ ሄደ። አባባ ለአንድ ማንቆርቆሪያ ሽያጭ መበላሸት ትንሽ ያዘነ መሰለኝ፤ ቢሆንም ከዚያን ቀን ጀምሮ የባላምባራስ ቡና በየጠዋቱ ከኛ ቤት ነበር የሚሄደው።

ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በ1919 ዓ.ም. ያረፉ ሰው ናቸው። ባላምባራስ ያሉት እውነት ነው፤ በፍርድ አዋቂነታቸው ስማቸው እስከ ዛሬ ይነሣል። ግን ደግሞ አንድ ነገር አስባለሁ። እሳቸው የሚሰማ ጆሮ ያገኙት ሥልጣን ላይ ከወጡ በኋላ ነው። ጦር ሜዳ ላይ ተማርኮ የመጣውን ልጅ አነጋገር ያን ጊዜ ማን ሰማው?

አባባ ለመንግሥት ጉዳይ ሲሄድ እኔን ይዞ ይሄድ ነበር። ከመሥሪያ ቤቱ በር ውጪ ራፖር ጸሐፊዎች ጃንጥላ ዘርግተው ጠረጴዛቸውን አስቀምጠው ይቀመጣሉ። አባባ ጉዳዩን በአጭሩ ይነግራቸዋል፣ እነሱ «ለክቡር» ብለው ጀምረው በሚያምር እጅ ጽሕፈት ገጽ ይሞላሉ። በወረቀቱ ላይ አባባ እንደ ሊቅ ነበር የሚናገረው። መስኮቱ ጋ ሲደርስ ግን ወረቀቱ አይናገርለትም፤ ጸሐፊው ቀና ብሎ ይጠይቃል፣ አባባም መመለስ አለበት። ያኔ ነው እኔ የማስፈልገው።

ያን ጊዜ አራተኛ ክፍል እሆናለሁ። ከብዙዎቹ አንዱን ቀን ልንገራችሁ። አባባ ለንግድ ፈቃዱ እድሳት የቀረበበትን ጥያቄ አስረዳ። የመዝገብ ቤቱ ሰው አባባን አልተመለከተውም፤ እኔን አየና

«ምንድን ነው የሚለው?» አለኝ።

«የሚሉት» አላለም። አማርኛ በዚህ ረገድ ምሕረት የለውም፤ ማክበርና መናቅ ተጨማሪ ቃል አይጠይቁም፣ ግሱ ውስጥ ተቀብረው ነው የሚመጡት። አባባ ከሰውየው በዕድሜ ይበልጣል። ከኛ በፊት የተስተናገደው ከአባባ የሚያንስ፣ አማርኛው የተስተካከለ ሰው «ይቀመጡ፣ ይጠብቁ» ተብሏል።

ቤታችን ውስጥ እኔ አባባን «አንተ» ነበር የምለው። የፍቅር አንተ ነው፤ ብዙ የአዲስ አበባ ልጆች አባታቸውን እንዲህ ነው የሚጠሩት። እዚያ መስኮት ፊት ግን፣ ማንም ሳያስተምረኝ፣

«የኪራይ ደረሰኙ ከመዝገቡ ጋር አልተያያዘም ነው የሚሉት» አልሁ።

«ባለፈው ና ብዬው አልነበር?»

«ባለፈው የመጡ ጊዜ መዝገቡ አልተገኘም ተብለው ነው የተመለሱት።»

ሰውየው ብዕሩን አስቀመጠ። አባባን ለመጀመሪያ ጊዜ ተመለከተው። ጥቂት ዝም ብሎ «እንግዲያው ሰኞ ይምጡ፣ ፈልጌ አቆያለሁ» አለ። «ይምጡ» ማለቱን አባባም ሰምቷል፤ ደረጃውን ስንወርድ እጄን ጠበቅ አድርጎ እንደያዘኝ አስታውሳለሁ። ሁልጊዜ እንዲህ አላበቃም። «ሕፃኑን አታናግረው፣ ራሱ ይናገር» የተባልንበትም ቀን አለ። ቢሆንም ከዚያ በኋላ አባባን በሰው ፊት በአንቱታ እጠራ ጀመር፤ ቤት ስንገባ እንደገና አንተ ይሆናል። እሱም ይህን ለውጥ አንድ ቀን እንኳ ምነው ሳይለኝ ኖረ።

ይህ የአንድ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ክፋት ብቻ ቢሆን ባልጻፍሁት። መንግሥት ራሱ ለብዙ ዘመን እንዲህ ነበር የሚያስበው። በ1936 ዓ.ም. የወጣው የሚሲዮኖች ድንጋጌ የትምህርቱ ጠቅላላ ቋንቋ አማርኛ እንዲሆን ወሰነ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 125 አማርኛን የንጉሠ ነገሥት መንግሥቱ ኦፊሴል ቋንቋ አደረገው። አገር አንድ መገናኛ ቋንቋ ያስፈልጋታል የሚለውን ሐሳብ እረዳለሁ፤ አማርኛንም እወደዋለሁ፣ እንጀራዬን የበላሁት በእሱ ነው። ነገር ግን ቋንቋውን የሥራ ቋንቋ ማድረግ አንድ ነገር ነው፤ ቋንቋውን በሌላ ቅላጼ የሚናገረውን ሰው እንደ ጎደሎ ማየት ሌላ። ሁለተኛውን የጻፈ አንቀጽ የለም። ሆኖም በየመስኮቱ፣ በየክፍሉ፣ በየችሎቱ ሲሠራበት ኖሯል። የመነጋገር ሸክም በሁለት ሰው ትከሻ ላይ መዋል ሲገባው፣ ሁሉም በተናጋሪው ላይ ተጫነ። አባባ ለመናገር ይታገላል፤ ሰሚው ለመስማት አይታገልም።

ትምህርት ቤትም እንዲሁ ነበር። ከጉራጌ አገር አዲስ የመጣ አንድ የክፍላችን ልጅ ተነሥቶ ሲያነብ ክፍሉ ሁሉ ይስቃል፤ አስተማሪው ሳቁን አያስቆምም፣ እሱም ፈገግ ይላል። ልጁ በሒሳብ ከሁላችን ይበልጥ ነበር። ሁለተኛው መንፈቅ ላይ ትምህርቱን ትቶ ሱቅ ገባ። ዛሬ ሀብታም ሆኗል ብዬ ብጨርስ አንባቢ ደስ ይለዋል፤ ምን እንደደረሰ አላውቅም።

ከአብዮቱ በኋላ ነገሩ በአንድ በኩል ለዘብ አለ። መሠረተ ትምህርት በ1971 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ ትምህርቱ ቀስ በቀስ በ15 ቋንቋዎች እንዲሰጥ ተደረገ፤ ስልጢኛ ከእነዚህ አንዱ ነበር፣ ቸሃ ግን አልነበረበትም። ዘመቻው በ1980 እ.ኤ.አ. ከዩኔስኮ ሽልማት ያስገኘ ነው። አባባ በቀበሌያችን አዳራሽ ማታ ማታ በአማርኛ ተማረ። አስተማሪዋ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበረች፤ «አባቴ፣ እስቲ ይህችን ያንብቡልኝ» ትለዋለች። አባባ አነበበ። ሲያነብ «ል»ው አሁንም ያስቸግረው ነበር። ልጅቷ ግን ፊደሉን ማወቁን እንጂ ቅላጼውን አልመዘነችም፤ በዓመቱ መጨረሻ የምስክር ወረቀት ሰጠችው፣ እሱም በመስተዋት አስገብቶ ሱቁ ውስጥ ከፈቃዱ አጠገብ ሰቀለው።

በሌላ በኩል ግን ቀልዱ በረታ። ቴሌቪዥን በየቤቱ እየገባ ሲመጣ የበዓል ዋዜማ ፕሮግራም ያለ ቀልድ አያልፍም፣ ቀልዱም ብዙ ጊዜ ያለ ጉራጌ ነጋዴ ወይም ከገጠር እንደመጣ ኦሮሞ ዘበኛ አያልፍም። ተዋናዩ ጎበዝ ነው፤ የሚያስመስለው ሰው አካሄድ ሳይቀር ይዞታል። ጎረቤቱ ሁሉ እኛ ቤት ተሰብስቦ እንባው እስኪፈስ ይስቃል። አባባም አብሮ ይስቃል። እኔ ቀልድ ይከልከል የምል ሰው አይደለሁም። ነገር ግን ያ ቀልድ ምን እንደሠራ በማግስቱ ሱቅ ውስጥ አይቻለሁ፤ ገዢው አባባ ገና አፉን ሳይከፍት ፈገግ ብሎ ይጠብቀዋል። ሳቁ ከንግግሩ ቀድሞ መጥቷል። እንዲህ ባለ ፈገግታ ፊት የቆመ ሰው ስለ ዕዳው፣ ስለ ሕመሙ፣ ስለ ተበደለው በደል ቢናገር ማን ከምር ይሰማዋል?

መስቀል ሲደርስ ጉራጌ አዲስ አበባ አይቀመጥም። መርካቶ ሱቁን ይዘጋል፣ አውቶቡሱ ከታች ሰው ከላይ ስጦታ ይጫናል፣ ወልቂጤን አልፎ ወደ እምድብር። አባባ እኔን ይዞ በሄደ ዓመት ከመንደሩ ሰፊ አረንጓዴ መንገድ፣ ከጀፎረው ላይ፣ የእንሰቱን ጥላ ተጠልሎ ሰው ተሰብስቦ አገኘን። ክትፎውንና ቆጮውን ልተርክ አልፈልግም፤ የሚያውቅ ያውቀዋል። በበዓሉ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ቀን ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ሁለት ወንድማማቾች ከአባታቸው በወረሱት የእንሰት ማሳ ወሰን ተጣልተዋል። አባባ ከተማ የከረመ ሰው ስለሆነ ዳር የሚቀመጥ መስሎኝ ነበር። መካከል አስቀመጡት።

ሰባት ቤት ጉራጌ የጆካ የሚባል የቆየ ሸንጎ አለው፤ ሕጉም ቅጫ ይባላል። በዚያች መንደር የተካሄደው ትልቁ ሸንጎ አልነበረም፣ የመንደር ዕርቅ ነው፤ ሆኖም የንግግሩ ሥርዓት ከዚያ የተቀዳ ነው። ማንም የማንንም ቃል አያቋርጥም። ተናጋሪ ይነሣል፣ ይመርቃል፣ ነገሩን ከሩቅ ይጀምራል፣ ያለፈ ፍርድ ይጠቅሳል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ጉዳዩ ይቀርባል። አባባ ተነሣ። ያ በሱቅ ውስጥ ቁጥር ብቻ የሚጠራው ሰው ግማሽ ሰዓት ያህል ተናገረ። ሲያሻው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሽማግሌዎቹን ወደ ፊት እንዲያዘነብሉ ያደርጋቸዋል፣ ሲያሻው ቆም ብሎ ይተዋቸዋል። በመካከሉ አንድ ነገር ተናግሮ ሸንጎውን በሳቅ አፈረሰው፤ የሳቁት በእሱ አልነበረም፣ እሱ ነበር ያሳቃቸው። የአጎቴ ልጅ ጆሮዬ ሥር እየተረጎመልኝ ነው የሰማሁት። አባባ አሸንፎ አልተቀመጠም፤ ሁለቱ ወንድማማቾች የሚተያዩበትን መንገድ አበጅቶ ነው የተቀመጠው። ወሰኑን በማግስቱ አብረው አካለሉት።

በዚያ ሰሞን እኔም ቸሃ ለመናገር ሞከርሁ። ልጆቹ ሳቁብኝ። አንዲት አሮጊት ግን እጄን ይዘው፣ ያበላሸሁትን ቃል ደግመው ደጋግመው እያስባሉኝ፣ እስካስተካክለው ድረስ አልለቅ አሉኝ። ሳቃቸው ከመርካቶው ሳቅ የተለየ ነበር፤ የመርካቶው ያባርራል፣ የእሳቸው ወደ ራሳቸው ይስባል። ልዩነቱ ከሳቁ በኋላ ሰውየው ቆሞ መስማት አለመስማቱ ላይ ነው።

ያን ቋንቋ አሳንሰው የሚያዩት ሰዎች ያላወቁት አንድ ነገር አለ። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም የመጀመሪያ ልብ ወለዱን የጻፈው በቸሃ ነው። ቮልፍ ሌስላው ወደ እንግሊዝኛ መልሶት በ1964 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ታተመ። ሣህለ ሥላሴ በኋላ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጽፏል፤ በ1969 እ.ኤ.አ. የወጣው «ዘ አፈርሳታ» የጉራጌ መንደር ሰዎች ጎጆ ያቃጠለውን ሰው ለማግኘት ተሰብስበው ሲመክሩ የሚያሳይ ታሪክ ነው። መጽሐፉን ባነበብሁ ጊዜ አባባ በሸንጎው መካከል ሲናገር የነበረው ነገር ሁሉ ተመልሶ መጣብኝ። ከመርካቶ ሱቆች ጀርባ በፌዝ የሚጠራው ቋንቋ ልብ ወለድ የተሸከመ ቋንቋ ነው።

እኔ ጋዜጠኛ ሆንሁ። በሬዲዮ ጣቢያ ስሠራ፣ ሥራችን ቴፕ በምላጭ መቁረጥ በነበረበት ዘመን፣ ለአንድ ፕሮግራም ሽሮ ሜዳ ሄጄ ስለ ድርና ማግ መወደድ አንድ የዶርዜ ሸማኔ አነጋገርሁ። ሰውየው መቀመጫው ላይ ሆኖ፣ እግሩ ጉድጓዱ ውስጥ መርገጫውን እየረገጠ፣ የአንድ ጋቢ ድር ስንት እንደገባ፣ ስንት ቀን እንደሚፈጅ፣ ነጋዴው በስንት እንደሚወስደው ነጥብ በነጥብ አስረዳኝ። አማርኛው በጋሞኛ የተቃኘ ነበር። ሂሳቡ ግን ጠርቷል፤ ቁጣውም።

አዘጋጁ ቴፑን ሰምቶ «ለአድማጭ አይገባም፣ አንባቢ ያንብበው» አለ። አሠራሩ የተለመደ ነበር፤ የሰውየው ድምፅ ከሥር ዝቅ ብሎ ይሰማል፣ ከላይ የጣቢያው አንባቢ በተወለወለ አማርኛ ቃሉን ያነብለታል። እኔ ቴፑን ለቴክኒሻኑ፣ ለሾፌሩ፣ ለጽዳት ሠራተኛዋ አሰማሁ፤ ሁሉም ገባቸው፣ የጽዳት ሠራተኛዋማ «ወይ አበሳ!» ብላ ስለ ነጋዴው ተናደደች። የማይገባው ለማን ነው ታዲያ? አዘጋጁ ክፉ ሰው አልነበረም። ጣቢያው የሚናገርበት ድምፅ አንድ ዓይነት መሆን አለበት ብሎ ተምሮ ያደገ ነው። ከብዙ ክርክር በኋላ የሰውየው ድምፅ እንዳለ ተላለፈ።

ሸማኔዎች ስለ አነጋገራቸው ብቻ ሳይሆን ስለ ሥራቸውም ሲሰደቡ የኖሩ ናቸው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው ስም እየጠሩ መስደብን የሚከለክል አዋጅ አውጥተዋል፤ ብረት የሚሠራውን፣ ሸማ የሚሠራውን። አዋጁ ትልቅ ነገር ነው፤ ሆኖም አዋጅ የሚያስቆመው ከአፍ የሚወጣውን ነው፣ ጆሮን ማዘዝ አይችልም። ፕሮግራሙ ከተላለፈ በኋላ ሽሮ ሜዳ ስመለስ ሸማኔዎቹ ከየጉድጓዳቸው ወጥተው ከበቡኝ። «ሬዲዮው በኛ አፍ ተናገረ» አለኝ አንዱ።

የልጅነት ጓደኛዬ አሁን ዋሽንግተን ይኖራል። ጎንደር የተወለደ፣ በአማርኛው የሚኮራ ሰው ነው። ቤት ለመከራየት ስልክ ሲደውል «ተይዟል» ይሉታል፤ እዚያው የተወለደችው ልጁ ከአንድ ሰዓት በኋላ ስትደውል ቤቱ አልተያዘም። ለእሱ አዲስ ነገር ነበር። ለእኔ ግን የመዝገብ ቤቱ መስኮት ነው። ይህን ነገር አሜሪካኖች ራሳቸው አጥንተውታል። በ1999 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ላይ የቋንቋ ምሁሩ ጆን ባው አንድ ሰው ሆኖ በሦስት ዓይነት የእንግሊዝኛ አነጋገር ለቤት አከራዮች ደወለ፤ ነጮች በሚበዙበት ሰፈር በጥቁሮችና በሜክሲኮ ተወላጆች ቅላጼ ሲናገር ቤቱን እንዲያይ የሚቀጥረው አከራይ ቀነሰ። ፊቱን ማንም አላየውም። ጓደኛዬ ይህን ስነግረው ረጅም ጊዜ ዝም አለና «ያን ጊዜ ያባትህን አማርኛ ሰምተን ስንስቅ…» ብሎ ጀምሮ አልጨረሰውም።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ አገራችን ውስጥ ጆሮ የከፋ ሥራ ተሰጥቶታል። በአነጋገሩ ተለይቶ ከመኪና የወረደ፣ ከሰፈር የተባረረ፣ ከዚያም የባሰ የደረሰበት ሰው ታሪክ ከአንድ አቅጣጫ ብቻ አይደለም የሚሰማው። ትናንት አማርኛ ስላልተስተካከለለት የተናቀ፣ ዛሬ አማርኛ ስለተስተካከለለት የተጠረጠረ። ይህን ስሰማ አባባን የበደሉት ሰዎች ምን ያህል ትንሽ ነገር የሠሩ ይመስላቸው እንደነበር አስባለሁ። ሳቅ ነው፣ «የሚለው» የምትል አንዲት ግስ ናት። ሰውን በድምፁ መመደብ የለመደ ጆሮ ግን ሳቁ ላይ አይቆምም።

ሕጉ ዛሬ ከድሮው ይሻላል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 5 ቋንቋዎች ሁሉ በመንግሥት እኩል እውቅና እንዳላቸው ይደነግጋል፣ በአንቀጽ 20 ደግሞ ተከሳሽ ችሎቱ በማይገባው ቋንቋ የሚካሄድ ከሆነ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። በ2012 ዓ.ም. መንግሥት ከአማርኛ ሌላ አራት ቋንቋዎች የፌዴራል የሥራ ቋንቋ እንዲሆኑ የቋንቋ ፖሊሲ አጽድቋል። ጥሩ ነው። ነገር ግን አብዛኛው ሰው ተከሳሽ ሆኖ አይደለም መንግሥት ቤት የሚሄደው፤ ባለጉዳይ፣ ታማሚ፣ ወላጅ ሆኖ ነው። ለመስኮቱ አስተርጓሚ ማን ያቁምለት?

አባባ ካረጀ በኋላ ደረቱን ያመው ነበር። ሐኪም ቤት ስወስደው «ደረቴን» ይላል፣ ይኸው ነው። ሐኪሞቹ ይጠይቁታል፣ እሱ ያንኑ ይመልሳል፣ መድኃኒት ይጻፋል፣ ሕመሙ አይለቅም። ሽማግሌ ስለሆነ ማስረዳት አይችልም አሉ። አንድ ወጣት ሐኪም ግን የአባባን አነጋገር ጥቂት አድምጦ «አባቴ፣ በየትኛው ቋንቋ ቢነግሩኝ ይቀልዎታል?» ብሎ ጠየቀው። እኔ ለመመለስ አፌን ስከፍት «እሳቸው ይመልሱ» አለኝ። አባባ ነገረው። ሐኪሙ ከሌላ ክፍል የእዣ ጉራጌ ተወላጅ የሆነች፣ ቸሃ የምትሰማ ነርስ ጠርቶ አስመጣ።

አባባ ተናገረ። በሸንጎው ላይ እንደ ተናገረው ከሩቅ ጀመረ። ሕመሙ መቼ እንደጀመረው፣ ዳገት ሲወጣ እንዴት እንደሚይዘው፣ በግራ ክንዱ ወርዶ ጣቱ ድረስ እንደሚደርስ፣ ሌሊት ቀና ብሎ ካልተቀመጠ ትንፋሽ እንደሚያጥረው፣ እናቴ እንዳትደነግጥ ብሎ ለዓመታት እንደደበቀው። እኔ ልጁ ከዚህ አንዱንም አልሰማሁም ነበር። ነርሷ ትተረጉማለች፣ ሐኪሙ ይጽፋል፣ ያቋርጥና ይጠይቃል፣ አባባ ይመልሳል። ወረቀቱ ሁለት ገጽ ሞላ። በዚያው ቀን የልብ ምርመራ ታዘዘለት፣ ሲወስደው የቆየው መድኃኒትም ተቀየረ።

ለሚቀጥለው ቀጠሮ ልወስደው ስዘጋጅ አባባ ካፖርቱን ለብሶ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ብቻውን እንደሚሄድ ነገረኝ።